የለመደው ሰውነታችን አይደለም

ይህ ጽሑፍ በፍኖተ ሰላም ለተማሪዎች፣ ለወላጆችና ለጤና ባለሙያዎች ካደረግሁት ንግግር የተዘጋጀ ነው። የንግግሩን ወግ ብዙ አልነካሁትም።

እንደምን አመሻችሁ። ከኋላ የቆማችሁ ልጆች፣ እዚህ ፊት ለፊት ምንጣፉ ላይ ቦታ አለ፤ ኑ ተቀመጡ። ድምፄ የማይሰማው ካለ እጁን ያውጣልኝ።

በእናቴ ልጀምር። የማስተርስ ተማሪ ሳለሁ ለክረምት ወደ ቤት መጣሁ። እናቴን እግሯን እሾህ ወግቷት፣ ቁስሉ አብጦና መግል ይዞ አገኘኋት። «ምን ወሰድሽበት?» አልኳት። ከጓዳ አንድ የተጠቀለለ ወረቀት አወጣች። ውስጡ ሁለት ፍሬ አሞክሲሲሊን ቀርቷል። መጀመሪያ አራት ፍሬ ገዝታ ዋጠች። ቀለል ሲላት ተወችው። ሲብስባት እንደገና አራት ገዛች። በሦስተኛው ግን አልሠራላትም። «አይ ልጄ፣ ሰውነቴ መድኃኒቱን ለመደው» አለችኝ።

ሐኪም ዘንድ ይዣት ሄድኩ። ከቁስሉ ናሙና ተወሰደ። ባክቴሪያው ስታፊሎኮከስ ነበር። አሞክሲሲሊንን የሚቆርጥ ኤንዛይም ያመነጫል። በክሎክሳሲሊን ታክማ ዳነች፤ ዛሬም በጤና አለች፣ ተመስገን። ያ አነጋገሯ ግን ከአእምሮዬ አልወጣም። ከዚያ ወዲህ ላብራቶሪ ውስጥ ያሳለፍኩትን ዘመን መለስ ብዬ ሳየው፣ ለእናቴ መልስ ስፈልግ የኖርኩ ይመስለኛል።

«ለመደ» የምንለው ምን ሲሆን ነው? በቅሎ ጭነት ትለምዳለች። ሰው ቡና ይለምዳል፤ ካጣ ራሱን ያመዋል። ሰውነቴ መድኃኒቱን ለመደው ያለ ሰው፣ ነገሩ የራሱ ብቻ ይመስለዋል። «እኔ ለምጄዋለሁ፣ ለልጄ ግን ይሠራል» ይላል። እውነቱ እንደዚያ አይደለም። መድኃኒቱን የተቋቋመው ሰውነታችን ሳይሆን ውስጣችን ያለው ባክቴሪያ ነው። ባክቴሪያ ደግሞ ከእናት ወደ ልጅ፣ ከበሽተኛ ወደ አስታማሚ ይሻገራል። በእጅ ይሄዳል፣ በውሃ ይሄዳል። በሕይወቱ አንድም ክኒን ያልዋጠ ሕፃን መድኃኒት በማይበግረው ባክቴሪያ ሊያዝ ይችላል።

ሌላም ስህተት አለ። ይኸኛው እኔንም ለዓመታት አሳስቶኛል። ባክቴሪያውም ቢሆን «ለመደ» ሲባል ነገሩ በትክክል አልተገለጸም።

ገበሬ አባቶቼ ይህን ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ። ስንዴው ላይ ቱ ፎር ዲ ትረጫላችሁ። ቅጠለ ሰፊው አረም ይደርቃል። ሲናርና ሙጃ ግን የሣር ወገን ናቸው፤ መድኃኒቱ አይገድላቸውም። ያንኑ መድኃኒት በየዓመቱ ስትደጋግሙት ማሳውን ሲናር ይወርሰዋል። ታዲያ ሲናሩ መድኃኒቱን ለመደው ትላላችሁ? አትሉም። ሲናር ድሮም በዚያ መድኃኒት አይሞትም ነበር። ጎረቤቱ ሞቶ ቦታው ተለቀቀለት እንጂ።

በባክቴሪያም የሚሆነው ይኸው ነው። ልዩነቱ፣ እዚያ የሚሞተውና የሚተርፈው የአንድ እናት ዘር መሆኑ ነው። ከአንድ እናት የተገኙ ከሆኑ አንዱ ለምን ከሌላው ተለየ? ይህን ለማስረዳት ወደ አያቴ ልመለስ።

ያደግሁት ብቸና አካባቢ ነው። አያቴ ቁም ጸሐፊ ነበሩ። ብራናቸውን ፍቀው፣ ቀለማቸውን በጥብጠው፣ በመቃ ብዕር ሲጽፉ አጠገባቸው ቁጭ ብዬ አይ ነበር። አንድ ገጽ ሲጨርሱ ከሚገለብጡበት መጽሐፍ ጋር ፊደል በፊደል ያስተያዩታል። ግድፈት ካገኙ በካራ ፍቀው ያርሙታል። እንዲህ እየተጠነቀቁም አንዳንድ ግድፈት ያመልጣቸው ነበር። ከዚያ መጽሐፍ የሚገለብጥ ደግሞ ግድፈቱን ጨምሮ ይገለብጣል።

ሞለኪውላር ባዮሎጂ ስማር ዲኤንኤ፣ ማለትም የዘር መመሪያ የተጻፈበት መጽሐፍ፣ ከባድ አልሆነብኝም። ቀድሜ በአያቴ እጅ አይቼዋለሁና። ኢ ኮላይ የሚባለው የአንጀት ባክቴሪያ 4.6 ሚሊዮን ገደማ ፊደል ያለው መጽሐፍ አለው። ፊደሎቹ አራት ዓይነት ብቻ ናቸው። ሲመቸው በ20 ደቂቃ አንዱ ሁለት ይሆናል፤ በሁለት በተከፈለ ቁጥር መጽሐፉ ይገለበጣል። ገልባጩ ኤንዛይም እንደ አያቴ ስህተቱን እየፋቀ ያርማል። ቢሆንም በግምት ከሺህ ግልባጭ በአንዱ አንዲት ግድፈት ታመልጠዋለች። ትንሽ ትመስላለች። ግን በአንድ ሌሊት በአንድ ሚሊ ሊትር ምግብ ውስጥ አንድ ቢሊዮን ያህል ባክቴሪያ ይራባል። ስለዚህ በሚሊዮን የሚቆጠር ግድፈት በዚያች ጠብታ ውስጥ አለ ማለት ነው። አብዛኛው ከንቱ ነው፤ ወይም ባለቤቱን ይጎዳል። አንዷ ግን መድኃኒቱ የሚያርፍበትን ቦታ ልትለውጥ ትችላለች። መድኃኒቱ ገና ሳይመጣ!

ይህ ግምት አይደለም፤ በሙከራ ተረጋግጧል። ሳልቫዶር ሉሪያ የተባለ ጣሊያናዊና ማክስ ዴልብሩክ የተባለ ጀርመናዊ፣ ሁለቱም አሜሪካ ሳሉ፣ እ.ኤ.አ. በ1943 ያሳተሙት ሥራ ነው። የተጠቀሙት መድኃኒት ሳይሆን ባክቴሪያን የሚገድል ቫይረስ ነበር። ባክቴሪያውን በብዙ ትንንሽ ብልቃጦች ለየብቻ አራቡት። ከዚያ እያንዳንዱን ቫይረስ በተቀባ ሳህን ላይ ደፍተው የተረፈውን ቆጠሩ።

እስቲ አብራችሁኝ አስቡ። ባክቴሪያው ቫይረሱን ሲያገኘው ነው የሚለምደው ካልን፣ ከሁሉም ብልቃጥ የተቀራረበ ቁጥር መትረፍ አለበት። ሁሉም ጠላታቸውን ያገኙት እኩል ሰዓት ላይ ነዋ። የሆነው ግን ሌላ ነው። ከብዙዎቹ ምንም አልተረፈም። ከጥቂቶቹ ደግሞ በመቶ የሚቆጠር ተረፈ። ግድፈቷ በአንዱ ብልቃጥ ገና ከጅምሩ ከተፈጠረች ዘሯ ይበዛል። በሌላው መጨረሻ ላይ ከተፈጠረች ዘሯ ጥቂት ነው። ከሰባት ትውልድ በፊት ዳሞት የገባ ሰው ዛሬ ቀበሌ የሚሞላ ዘር አለው፤ አምና የገባው ግን ልጆቹ ብቻ ናቸው። የቁጥሩ መለያየት ግድፈቱ ከቫይረሱ በፊት እንደነበር መሰከረ።

ለዶክትሬት ውጭ አገር ስሄድ መጀመሪያ የተሰጠኝ ሥራ ይህን ሙከራ በሪፋምፒሲን መድገም ነበር። ሃያ ብልቃጥ አዘጋጀሁ። በማግሥቱ ሳህኖቹን ስከፍት አንዱ ላይ ባዶ፣ አንዱ ላይ ሦስት፣ አንዱ ላይ ቆጥሬ የማልዘልቀው ሆነ። መጀመሪያ የተሳሳትኩ መስሎኝ ደነገጥኩ። ደግሜ ሠራሁት፤ እንደዚያው ሆነ። ያኔ ነው «እማዬ፣ ማንም አልለመደም» ብዬ ለብቻዬ ያወራሁት።

ሪፋምፒሲን የቲቢ መድኃኒት ነው። የጤና ባለሙያዎች ጂን ኤክስፐርት የሚባለውን ማሽን ታውቁታላችሁ። ያ ማሽን ከቲቢ ባክቴሪያ ጂኖች፣ ማለትም ከመጽሐፉ ምዕራፎች፣ አንዱን አብዝቶ፣ 81 ፊደል የሆነች አጭር ቦታ ላይ ግድፈት መኖሩን ይመለከታል። ሪፋምፒሲንን የሚያከሽፉት ግድፈቶች አብዛኞቹ እዚያች ላይ ናቸውና። በሽተኛው ሳምንታት መጠበቅ ቀርቶለት በሁለት ሰዓት ገደማ መልስ ያገኛል። አያቴ ይህን ቢያዩ ደስ ይላቸው ነበር። ማሽኑ የሚሠራው የእሳቸውን ሥራ ነው፤ ገጹን ያስተያያል።

ግድፈት ብቻ ቢሆን ኖሮ ግን ችግሩ ይህን ያህል ባልከበደ። በጃፓን ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ሺጌላ የሚባል ባክቴሪያ የሚያመጣው የተቅማጥ በሽታ በዝቶ ነበር። ሐኪሞቹ አንድ የሚያስደነግጥ ነገር አዩ። ባክቴሪያው በአንድ ጊዜ አራት መድኃኒት የሚቋቋም ሆኖ ተገኘ፤ ሰልፋ፣ ስትሬፕቶማይሲን፣ ቴትራሳይክሊንና ክሎራምፌኒኮል። አራት ትክክለኛ ግድፈት በአንዴ ይፈጠራል ማለት የማይታመን ነው። እ.ኤ.አ. በ1959 ኦቺያይና አኪባ የተባሉ ተመራማሪዎች፣ ይህ መቋቋም ከሺጌላ ወደ ኢ ኮላይ፣ ከኢ ኮላይም ወደ ሺጌላ እንደሚተላለፍ አሳዩ። በዘር ሳይሆን ጎረቤት ለጎረቤት ነው የሚሰጠው። ዝምድናቸው ሩቅ በሆነ ባክቴሪያዎች መካከል እንኳ ሳይቀር።

የሚተላለፈው ፕላዝሚድ ይባላል። ከዋናው መጽሐፍ ተለይቶ የሚኖር ትንሽ ክብ ዲኤንኤ ነው። ለእኔ ክታብ ነው የሚመስለኝ። ክታብ ከትልቁ መጽሐፍ የተለየ ነው። አጭር ነው። አንገት ላይ ይንጠለጠላል። ለሌላ ሰው ሲገለበጥለት ባለቤቱ የራሱን አያጣም። ፕላዝሚድም እንደዚያው ነው። ሁለት ባክቴሪያ ይገናኛሉ፤ አንዱ ገልብጦ ይሰጣል፤ ሁለቱም ባለ ክታብ ሆነው ይለያያሉ። በአንዱ ክታብ ላይ የአራትና የአምስት መድኃኒት መከላከያ ተጽፎ ይገኛል። ስለዚህ አንዱን መድኃኒት ያለ አግባብ ስንጠቀም፣ ያልነካናቸውን የሌሎቹን መድኃኒቶች መከላከያም አብረን እናራባለን። የምርምር ዘመኔን አብዛኛውን የወሰደው ይህ ነው፤ ክታቦቹን ማንበብ፣ የትኛው ከየት እንደመጣ መከታተል።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ሁልጊዜ ይመጣል። ክታቡን መጀመሪያ ማን ጻፈው? መልሱ እግራችን ሥር ነው። የመጀመሪያው ዝናብ ደረቁን መሬት ሲነካው የሚሸተውን ታውቁታላችሁ። ያ የአፈር ሽታ በአብዛኛው ስትሬፕቶማይሲስ የሚባሉ ባክቴሪያዎች የሚያመነጩት ነው። ስትሬፕቶማይሲንም እ.ኤ.አ. በ1943 የተገኘው ከዚሁ ወገን ነው። የአፈር ባክቴሪያዎችና ሻጋታዎች ከሰው በፊት ጀምሮ መድኃኒት ይሠራሉ። መድኃኒት የሚሠራ ደግሞ ራሱን እንዳይገድል መከላከያ ያስፈልገዋል። ካናዳ ውስጥ 30,000 ዓመት በረዶ ሆኖ በቆየ አፈር ውስጥ የመቋቋም ጂኖች ተገኝተዋል። ፔኒሲሊንን የሚያፈርሰው ኤንዛይምም እ.ኤ.አ. በ1940 ነው የተዘገበው፤ ፔኒሲሊን ገና ለሕዝብ ሳይዳረስ። የፔኒሲሊን አግኚ አሌክሳንደር ፍሌሚንግም እ.ኤ.አ. በ1945 የኖቤል ሽልማት ንግግሩ ላይ፣ ሰዎች እያሳነሱ ቢወስዱት ጀርሞቹ እንደሚቋቋሙት አስጠንቅቆ ነበር።

አሁን ወደ ራሳችን ቀዬ ልምጣ። ይህን ጎጃም ውስጥ ሳልናገረው ብቀር ራሴን አልወድም።

ትራኮማ ስንቱን እናታችንን እንዳሳወረ ታውቃላችሁ። የዐይን ፀጉር ወደ ውስጥ ዞሮ ብሌኑን ይፍቃል። ለዚህ አዚትሮማይሲን ለመላው ማኅበረሰብ ይታደላል። በምሥራቅ ጎጃም ጎንቻ ሲሶ እነሴ ወረዳ በዚህ ላይ ትልቅ ጥናት ተደርጓል። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2009ና በ2010 የታተመባቸውን ሁለት ጽሑፎች ደጋግሜ አንብቤያቸዋለሁ። አንደኛው ይህን ይላል። መድኃኒቱን ባገኙት ማኅበረሰቦች ከ1 እስከ 9 ዓመት የሆኑ ልጆች የመሞት ዕድል፣ ካላገኙት ጋር ሲነጻጸር በግማሽ ያህል ያነሰ ነበር። ዐይን ለማዳን የተሰጠ መድኃኒት ሕይወት አተረፈ።

ሁለተኛው ጽሑፍ የልጆቹን አፍንጫ የመረመረ ነው። በየሦስት ወሩ ለአንድ ዓመት ሲታከሙ በቆዩ 12 ማኅበረሰቦች፣ የዚህን መድኃኒት ወገን የሚቋቋም የሳንባ ምች ባክቴሪያ ያለባቸው ልጆች መጀመሪያ 3.6 በመቶ ነበሩ። በዓመቱ 46.9 በመቶ ሆኑ። ገና ባልታከሙት ሌሎች 12 ማኅበረሰቦች 9.2 በመቶ ነበሩ። ስለ ሲናር የተናገርኩት በልጆቻችን አፍንጫ ውስጥ ተቆጠረ ማለት ነው።

ሁለቱም እውነት ነው። አንዱን ይዞ ሌላውን መጣል አይቻልም። መድኃኒቱ መሰጠት አልነበረበትም አልልም፤ ያን የሚል ሰው የዳኑትን ልጆች ይቁጠር። ምንም አይመጣም የሚለውንም አልቀበልም። እኔ የማምነው፣ በየጊዜው እያደልን በየጊዜው አፍንጫ መመርመር እንዳለብን ነው። መርማሪው ደግሞ እዚሁ ያደገ፣ እዚሁ ላብራቶሪ ያለው ሰው ቢሆን እመኛለሁ። እዚህ ምንጣፉ ላይ ከተቀመጣችሁት አንዳችሁ።

ወደ አገሬ ተመልሼ ላብራቶሪ ከገባሁ በኋላ የሆነውንም ልንገራችሁ። ለመናገር ይከብደኛል። ከአንድ ሆስፒታል የአራስ ሕፃን ደም መጣልን። ካልቸር እንዲሠራለት ነው። ባክቴሪያ በቅሎ፣ ዓይነቱ ተለይቶ፣ በየትኛው መድኃኒት እንደሚሞት እስኪታወቅ ሁለትና ሦስት ቀን ይፈጃል። ክሌብሲዬላ ነበር። ሳህኑ ላይ ሰባት የመድኃኒት ክብ ወረቀቶች አኖርን። ባክቴሪያው የሚሞትበት መድኃኒት ዙሪያ ንጹሕ ክብ ይታያል። ጠዋት ሳህኑን አንስቼ ወደ መስኮቱ ያዝኩት። በስድስቱ ዙሪያ ባክቴሪያው እስከ ወረቀቱ ጫፍ ድረስ በቅሏል። በሰባተኛው ዙሪያ ብቻ ክብ አለ። ወዲያው ስልክ ደወልኩ፤ ያ መድኃኒት እንዲጀመር። ነርሷ ዝም አለች። ከዚያ «ሌሊት አረፈ» አለችኝ።

ስሙ እንኳ ገና አልወጣም ነበር። የመዝገቡ ወረቀት ላይ የተጻፈው የእናቱ ስም ነው።

እ.ኤ.አ. በ2019 በዓለም ዙሪያ 1.27 ሚሊዮን ሰው በቀጥታ መድኃኒት በማይበግረው ባክቴሪያ ምክንያት እንደሞተ ተገምቷል። ይህን ቁጥር በየስብሰባው እናገረዋለሁ። ስናገረው ግን የሚታየኝ ያ ሳህን ነው። ባክቴሪያውን ስናነብ መከላከያው ክታብ ላይ ነበር። ያ ሕፃን አንድም ፍሬ መድኃኒት አላባከነም።

ቤት ስትገቡ ምን ታደርጋላችሁ ለሚለው ብዙ አልናገርም፤ ከዚህ በፊትም ሰምታችኋል። ጉንፋን በቫይረስ ነው የሚመጣው፤ አሞክሲሲሊን አይነካውም። ፍሬ ቆጥራችሁ አትግዙ። ሐኪም ያዘዘውን፣ ባዘዘው መጠን፣ እስካዘዘው ቀን ውሰዱ። የተረፈውን ለጎረቤት አትስጡ፤ መልካም ልብ እንደሆነ አውቃለሁ፣ ግን አትስጡ። በሬ ሲታመም ኦክሲቴትራሳይክሊን በግምት አትውጉ፤ የእንስሳት ሐኪም ይየው። ከተወጋች ላም ወተት ለመጠጣትም የተባለውን ቀን ጠብቁ። አዋላጅና ነርስ ለሆናችሁ ደግሞ ከመድኃኒት ሁሉ በፊት እጃችሁን መታጠብ አለ። ውሃ የሌለበት ማዋለጃ ክፍል እንዳለ አውቃለሁ። እሱን የመጠየቅ ሸክም የእናንተ ብቻ መሆን የለበትም፤ እዚህ ያሉ ወላጆችም ይጠይቁ።

ተማሪዎች፣ ሳይንስ ምን ይመስላል ብላችሁ ጽፋችሁልኝ ነበር። ብዙውን ጊዜ መጠበቅ ነው። አንድ ጊዜ መብራት ጠፍቶ ማቀዝቀዣው ቀለጠና የሁለት ዓመት ናሙናዬ ተበላሸ። ሳምንት ሙሉ አለቀስኩ። ከዚያ እንደገና መሰብሰብ ጀመርኩ። ሒሳብ ያስፈልጋችኋል፤ ሉሪያን ያዳነው መቁጠር ነው። በእጅ ጥንቁቅ መሆን ያስፈልጋችኋል። ቁም ጸሐፊ አያት ያለው ካለ ሄዶ አጠገባቸው ይቀመጥ።

እዚህ ላይ ጨርሼ ነበር። ጥያቄ ሲከፈት ከመካከል አንድ ጋቢ የለበሱ አባት ተነሡ። «ልጄ፣ መድኃኒቱን ብናቆመው ያ የተቋቋመው ይጠፋል ወይ?» አሉኝ።

ጥሩ ጥያቄ ነው አልኳቸው። ክታብ መሸከም ብዙ ጊዜ ዋጋ ያስከፍላል። መድኃኒት በሌለበት ማሳ፣ ክታብ የሌለው ፈጥኖ ይራባል፤ ቀስ በቀስም ይበልጣል። በጉራጌ ዞን ለትራኮማ ሲሰጥ የነበረው አዚትሮማይሲን ከቆመ በኋላ ልጆቹ ተመርምረው ነበር። የተቋቋመው ባክቴሪያ በየዓመቱ እየቀነሰ ሄዷል። ጨርሶ ግን አልጠፋም።

ራሳቸውን ነቀነቁ። «ሲናርም እንደዚሁ ነው። አንድ ዓመት ብታርመው ዘሩ አፈር ውስጥ ይቆይሃል» ብለው ተቀመጡ። ማይክራፎኑን ለሚቀጥለው ጠያቂ አሳለፍኩ።